ማስታወቂያው ተለጥፎ ዘበኛው ለምን ይጠየቃል?

ወገኖቼ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ወረቀት የምታሳትሙና የምትለጥፉ ሁሉ፣ እረ በሕግ አምላክ ለዓይናችን እዘኑልን!

መሃል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ትልቅ ማስታወቂያ አለ። ከላይ አርማ፣ ከሥሩ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። ጥግ ላይ የሚጨባበጡ እጆች (ማን ከማን ጋር እንደተስማማ እንጃ)። ባለጉዳይ የሚፈልገው የመስኮት ቁጥርና የሰነድ ዝርዝር ከታች በደቃቅ ፊደል ተወሽቋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ ዘበኛው ይሄዳል። «ጋሼ፣ ስንት ኮፒ ነው የሚፈልጉት?» «ሁለት። ዋናውንም ያዥ። መስኮት ሦስት።» አለቀ! ያ ሁሉ ቀለም ያልቻለውን ዘበኛው በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

ሪቻርድ ማየር የሚባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር፣ ሰው ጽሑፍና ሥዕል አንድ ላይ ሲቀርቡለት እንዴት እንደሚረዳ አጥንተዋል። ዛሬ ስማቸው የሚነሳው ከመልቲሚዲያ ጋር ነው። ግን ቀደምት ሙከራዎቻቸው በወረቀት ላይ ነበሩ፤ አንዱ የመኪና ፍሬን አሠራርን የሚያስረዳ ጽሑፍና ሥዕል ነበር። ስለ ድምፅና አኒሜሽን ያሉትን ለስክሪን ሰዎች እንተወውና የሚመለከተንን እንያዝ።

አንደኛው፣ ለጉዳዩ የማይጠቅም ጌጥ ግንዛቤን ይጎዳል። የሥልጠና ባነር ላይ ጽጌረዳ ምን ይሠራል? ሌላው፣ ሥዕልና ማብራሪያው ጎን ለጎን ይሁኑ። የጤና ብሮሸር ታሳትሙና ሥዕሉን ፊት ለፊት፣ ማብራሪያውን ከጀርባ ታደርጉታላችሁ። እናት ልጇን ታቅፋ ወረቀት ስታገላብጥ ትዋል?

ዋናውን ነገር ለይቶ ማሳየት ደግሞ በእኛ ፊደል የባሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። «እዚህ ጋ ተመልከት» የምንለው በመጠን፣ በውፍረት ወይም በቀለም ነው። ሁሉንም መስመር ቀይና ወፍራም ካደረጋችሁት ዓይን የት ይረፍ? «ቀ» እና «ቁ» የሚለዩትም በአንዲት ቅጥያ ነው። ቦታ ይብቃቃ ብላችሁ ፊደሉን ስታጨማድዱት፣ ጥላ ስትደርቡበት፣ ያቺ ቅጥያ ድራሿ ይጠፋል። ከታክሲ ውስጥ ሆኖ የሚያነብ ሰው ደግሞ ቆሞ አይፈታላችሁም።

ሺህ ኮፒ ከማሳተማችሁ በፊት አንዷን አውጡና ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ስጡ። ጥቂት ካየ በኋላ ወረቀቱን ተቀብላችሁ «ምን አድርግ ይላል?» በሉት። ከተንተባተበ መልሳችሁ ሥሩት። ዲዛይነሩን ግን አትቆጡ። ልጁ ባዶ ቦታ ሲተውላችሁ «ይሄ ክፍት ነው፣ የሆነ ነገር ጨምርበት እንጂ፤ ከፍለንበታል» ያላችሁት እናንተ ናችሁ።