አሜሪካ ያበቃላት መቼ ነው?

እዚህ ዲሲ አካባቢ ሐበሻ ተሰብስቦ ቡናው ሁለተኛ ሲቀዳ "አሜሪካማ አበቃላት" የሚል ሰው ካልተነሳ ወይ ቡናው ቀጥኗል ወይ ሰዎቹ ተኳርፈዋል ማለት ነው። ወሬው የዘንድሮ እንዳይመስላችሁ። እኔን ከኤርፖርት የተቀበለኝ ሰውዬ ገና ሻንጣዬን መኪናው ውስጥ እየከተተ "ዘግይተህ መጣህ እንጂ ድሮ ነበር አሜሪካ" አለኝ፣ ለኔ አዝኖ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ለሁሉም ነው የሚለው፣ ከኔ በኋላ ለመጣው ልጅም ብሎታል፣ ከሱ በኋላ ለመጣችውም ብሏታል፣ ሰውዬውን ራሱን ድሮ የተቀበለው ሰውም ያንኑ ብሎት ነበር አሉ።

ማብቃቷ ላይ ሁሉም ይስማማል። ጭቅጭቁ መቼ አበቃች የሚለው ላይ ነው።

የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ በሱዳን በኩል የገቡትን ጋሼዎች ብትጠይቁ፣ ጋዝ ጋሎኑ በአንድ ዶላር ይቀዳ እንደነበረ፣ እንግዳ ለመቀበል አውሮፕላኑ በር ድረስ ይገባ እንደነበረ (ይሄኛው እውነት ነው፣ ከሴፕቴምበር 11 በፊት ያለ ትኬት በር ድረስ መግባት ይቻል ነበር)፣ ሐበሻ መንገድ ላይ ከተገናኘ ተቃቅፎ ያለቅስ እንደነበረ ይነግሯችሁና ከዛ ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ ሲቆጥሩ ቀስ እያሉ ይመጡና 1995 ላይ ይቆማሉ። 1995 ዲቪ የተጀመረበት ዓመት ነው። ማለትም አሜሪካ ያበቃላት እኛ በዲቪ ስንመጣ ነው፣ በአክብሮት ፊት ለፊት አይሉንም እንጂ።

የታክሲ ሰዎች ቀናቸው ቁርጥ ያለ ነው፣ 2008። ለማታውቁት፣ ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሜትር አልነበረውም፣ ከተማው በዞን ተከፋፍሎ ተሳፋሪው ባቋረጠው ዞን ቁጥር ነበር የሚከፍለው፣ ካርታው ደግሞ በጣም የሚገባው ለሾፌሩ ነው። ከንቲባው ፌንቲ መጣና ሜትር ግጠሙ አለ፣ አድማ ተመታ፣ ተጮኸ፣ ወይ ፍንክች። ፌንቲ በ2010 ሲሸነፍ በስለታቸው የተሸነፈ የመሰላቸው ሰዎች አሉ። ግን ምን ያደርጋል፣ በ2011 መጨረሻ ኡበር ከተፍ አለ፣ ያኔ ሜትሩን ሲረግም የነበረው ሁሉ "ምነው ሜትሩ በነበረ" ማለት ጀመረ፣ አሁን ደግሞ ያው ሰው ኡበር እየነዳ ሾፌር የሌለው መኪና ሊመጣ ነው ሲባል "ኡበር እኮ ደግ ነበር" ለማለት ጉሮሮውን እየጠረገ ነው።

ቤት የገዙት ዘመን የሚቆጥሩት በኢንተረስት፣ በቤት ብድራቸው ወለድ ነው። ጃንዋሪ 2021 ላይ የ30 ዓመት ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ወለድ በአማካይ 2.65 ፐርሰንት ድረስ ወርዶ ነበር፣ ኦክቶበር 2023 ላይ 7.79 ገባ፣ የኛ ሰፈር ማህበረሰብ ለሁለት የተከፈለው በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መሃል ነው። ድሮ ልጅ ለትዳር ሲጠየቅ "የማን ልጅ ነው?" ይባል ነበር፣ አሁን "ቤቱን በስንት ነው የያዘው?" ነው። በ2.75 ሎክ ያደረገ ሰው ክርስትና ቤት ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል። አንድ ባልና ሚስት አውቃለሁ፣ ሽማግሌ ተላከ አልታረቁም፣ የንስሐ አባት ገቡ እምቢ አሉ፣ በመጨረሻ ተፋተው ቤቱ ሊሸጥ ሲል ጠበቃው ወረቀቱን አገላብጦ "ይሄ እኮ 2.75 ነው፣ ይሄን ሸጣችሁ በስንት ልትገዙ ነው?" አላቸው፣ ይኸው ሁለተኛ ልጃቸውን ወለዱ።

የእንቁላሉ ጊዜ ደግሞ ለብቻው ይወራ። በርድ ፍሉ ዶሮውን ፈጅቶት ማርች 2025 ላይ አንድ ደርዘን እንቁላል በአማካይ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ገባ። ካላንደር ብታዩ ማርች 2025 ጭልጥ ያለ ዐቢይ ጾም ነው፣ ማለትም እንቁላል በአፋችን በማይዞርበት ወቅት። እና ከሁሉም በላይ የተንጨረጨሩት የማህበራችን አንዲት እናት ናቸው፣ እንኳን እንቁላል ዘይት የሚጠየፉ ጿሚ፣ ኮስትኮ ገብተው የማይገዙትን እንቁላል ዋጋ ፎቶ አንስተው ቫይበር ግሩፑ ላይ ለቀቁትና ከስሩ "አገር ሞተ" ብለው ጻፉበት። ሰላሳ ሰው የሚያለቅስ ፊት አደረገላቸው፣ ሁሉም ጿሚ። ለፋሲካ ዶሮ ወጡ ውስጥ ግን እንቁላሉ አልቀነሰም፣ አስራ ሁለት ነበር፣ ተቆጥሯል።

ቀጥሎ የመጣው የገንዘብ መላኪያው ታክስ ነው። መጀመሪያ ሲረቀቅ 5 ፐርሰንት ተባለ፣ ተከራክረው ተከራክረው 1 ላይ አረፈ፣ ከጃንዋሪ 1, 2026 ጀምሮ በካሽ የላከ ይከፍላል፣ ከባንክ አካውንቱ ወይ በዴቢት ካርድ የላከን አይነካውም። ከመቶ ዶላር አንድ ዶላር ማለት ነው። ይሄን የሰማ ቀን "ደማችንን ሊመጥጡን ነው!" ብሎ ጠረጴዛ የመታውን ሰው አውቀዋለሁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቤተሰቡ የላከው ዶላር 27 ብር በነበረ ጊዜ ነው። በጁላይ 2024 ብሩ ተለቆ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በዓመት ውስጥ ከ130 ሲያልፍ ግን "እሰይ፣ ዘንድሮስ በጥቂት ዶላር ብዙ ብር ላክን" ያለ ሰው አልሰማሁም። እውነቱን ለመናገር አገር ቤት ያለው ዋጋም አብሮ ስለተተኮሰ ያው ነው፣ ድሮ ዘይት የሚሉን አሁንም ዘይት ነው የሚሉን፣ ቁጥሩ ነው የረዘመው።

እኔ እንደማየው ሰው በአሜሪካ ላይ የሚፈርደው ማን እየሰማው እንደሆነ አይቶ ነው። ያ የተቀበለኝ ሰውዬ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቤዝመንት ውስጥ፣ ማህበር ነው፣ ሲፈርድ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መጀመሪያ ለኛ "በቃ አገሩ አልቆለታል፣ ሬንቱ አይቻል፣ ዴይኬሩ ከደሞዝ ይበልጣል፣ ቡና ገዝተህ ራስህ ቀድተህ ራስህ ከድነህ ስክሪኑ 25 ፐርሰንት ቲፕ ይልሃል፣ እኔ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ፣ ጠቅልዬ ነው የምገባው!" አለን። ሁለት ዓመቷ የቀረችው እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ነው። ከዛ ስልኩ ጠራ፣ አዲስ አበባ፣ ታናሽ ወንድሙ። ተነስቶ ደረጃው መሃል ደረሰና ድምፁ ቅጥን፣ ልስልስ አለ፣ የታመመ ሰው ሆነ፣ "ኧረ ተወኝ ወንድሜ፣ ሰዓት ቀንሰውብን፣ እንጀራም በልቼ አላድር" አለ አንድ እጁ ላይ ክትፎ የያዘ ሳህን እንዳለ። ተመልሶ ሲቀመጥ በዛው ሳምንት ከአዲስ የተመለሰች ሴትዮ "አቤት አዲስ አበባ እንዴት አምሮባታል፣ ኮሪደሩ፣ መብራቱ፣ እንደው እዛ ሳይሻል አይቀርም" ከማለቷ ሰውዬው ብድግ! "ምኑ ነው የሚሻለው? መብራት አይደለም እኮ ኑሮ! እዚህ ሲስተም አለ! 911 ብትደውይ በአምስት ደቂቃ በርሽ ላይ ናቸው! ልጅሽ ይማራል! የት ነው የምትሄጂው?" ሴትዮዋ ደንግጣ "ኧረ የትም አልሄድም" አለች።

ይሄ ሁሉ ሲሆን በሩ አጠገብ ጃኬቱን ሳያወልቅ የተቀመጠ ልጅ ነበር። አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቆ የሚጠብቅ ነው፣ ከ2025 ወዲህ ደግሞ ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሯቸው የሄዱ ሰዎች እዛው ኮሪደሩ ላይ ሲያዙ ሁላችንም አይተናል፣ ልጁ ቀጠሮው በቀረበ ቁጥር ከሲታ እየሆነ ነው የሚመጣው። "አንተስ ምን ትላለህ፣ አልባሰም?" አሉት። "ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለና ሳምቡሳ አነሳ። ሰውዬው በሀዘኔታ ራሱን ነቅንቆ "አዲስ ስለሆንክ እኮ ነው፣ አልገባህም" አለው።

ለካ ይሄ ነገር የአሜሪካ ብቻ አይደለም። የኛ ቤተሰብ በየእሁዱ በዋትስአፕ ይሰበሰባል፣ አክስታችን እቴቴ ከኮተቤ፣ እኔ ከሜሪላንድ፣ አንዷ ከቶሮንቶ፣ አንዱ ከለንደን፣ አንዱ ከስቶክሆልም፣ አንዷ ከሪያድ። ድሮ በአምስት ዶላር የስልክ ካርድ "ደህና ነን ደህና ነን" ተባብለን ተዘጋ፣ ማን ተከፋ ማን ደላው ለማወቅ ጊዜም አልነበረም፣ አሁን ነጻ ስለሆነ ውድድር ነው። ባለፈው እኔ ስለ ሬንት ጀመርኩ። የቶሮንቶዋ አላስጨረሰችኝም፣ "ያንተ ምን አላት፣ እዚህ የቤት ሐኪም የሚቀበልህ አጥተህ ትዞራለህ፣ አገሩ ራሱ በቃኝ ብሎ ለ2025 የሚያስገባውን ሰው ከ485 ሺህ ወደ 395 ሺህ አወረደው" አለች። የለንደኑ ሳቀባት፣ "እናንተ ሐኪም ነው ያጣችሁት፣ እኛ ሐኪሙ አለ፣ ወረፋው ነው፣ በ2023 እኮ 7.7 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር፣ ከሱ ውስጥ አንዱ የኔ ጉልበት ነው" አለ። 

የስቶክሆልሙ እስኪጨርሱ ጠበቃቸው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ካርዱን ደብቆ ይጫወታል። "እኛን" አለ ቀስ ብሎ፣ "እኛን እንድንወጣላቸው ሊከፍሉን ነው።" እውነቱን ነው፣ የስዊድን መንግሥት ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በፈቃዱ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰው የሚሰጠውን ድጎማ እስከ 350 ሺህ ክሮነር አድርሶታል። ሁላችንም ተሸነፍን። ከዚህ በላይ ምን ይመጣል? እቴቴ ግን መነጽሯን አድርጋ "በብር ስንት ነው?" አለች። ከ5 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ሲነገራት "እና ምን ትጠብቃለህ?" አለችው። ልጁ ላብ በላብ ሆነ፣ "አይ እቴቴ፣ ዜግነት የወሰደ አይመለከተውም፣ እኔ ደግሞ ወስጃለሁ፣ አዝናለሁ" አለ፣ ሲያዝን ግን አላየሁትም። የሪያዷ በዚህ መሃል "እናንተስ ለማማረሪያ ጊዜ አላችሁ፣ ማዳም መጣች ቻው" ብላ ወጣች።

እቴቴ ሁሉንም ሰምታ ሰምታ "እንግዲህ ሁላችሁም እንደዛ ከከፋባችሁ እዛ ምን ትሠራላችሁ? ኑ። ላይኛው ቤት ባዶ ነው፣ ተከራዮቹ ወጥተዋል፣ ነጭ ቀለም አስቀብቼ ይኸው ተቀምጧል" አለች።

የኔትወርክ ነገር! ለንደን "ሄሎ? ሄሎ? እቴቴ አትሰሚም" አለ። ስቶክሆልም ፊቱ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ፣ ብቻ እንደደረቀ ዓይኑን ያርገበግብ ነበር። ቶሮንቶ ልጇን ልታጥብ ሄደች፣ ልጇ አስራ አራት ዓመቱ ነው። እኔም ቻርጅ ጨርሻለሁ አልኩ።

ያዳነችን ራሷ ናት። "እሺ ተዉት እሱን፣ ይሄ ትንሹ ልጄ ዘንድሮ ተመረቀ፣ ሥራም የለ፣ ወዴት ብልከው ይሻላል?" ከማለቷ መስመሩ ጥርት! ቶሮንቶ "ካናዳ ነዋ እቴቴ፣ ሕክምናው ነጻ፣ ሰዉ ሰላማዊ!" አለች። ለንደን "ኧረ ለንደን ይምጣ፣ ኤን ኤች ኤስን የሚያህል የመንግሥት ሕክምና የት አለ?" አለ። ስቶክሆልም "ልጁ ሰው እንዲሆን ከተፈለገ ስዊድን፣ ትምህርቱን አይታችሁታል?" አለ። እኔስ ምን አለኝ፣ "ዲቪ ከተከፈተ እኔ እሞላለታለሁ፣ ልጅ እግር ነው፣ አሜሪካ የሠራ ሰው ይለወጣል፣ ሲስተም አለ" አልኩ፣ ከቶሮንቶዋ ጋር ለመሰዳደብ ምንም አልቀረን። ልጁ ለካ የእናቱን ስልክ ተቀብሎ ላይ ቤት ወጥቷል፣ መነጽሩን አውልቆ አዲሱ ነጭ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆሟል፣ "ለዲቪ ፎቶ ጥላ አይኑር ነው አይደል የሚሉት? እንዲህ ይሆናል?" አለን።