ትኬቱን ከመቁረጣችን በፊት ልጆቹ የት እንደሚያድሩ እንወቅ

ከልጆች ጋር ወደ ውጭ አገር ለመጓዝ ያሰበ ቤተሰብ ዝግጅቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከትኬት ዋጋ ነው። ዋጋዎቹ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ተደርድረው ይታያሉ፤ ዓይን ከመጀመሪያው መስመር ላይ ያርፋል፤ ትኬቱ ይቆረጣል፤ ሆቴሉ ደግሞ በተረፈው ገንዘብና በተረፈው ጊዜ ይፈለጋል። ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ይመስለኛል። በቅድሚያ መወሰን ያለበት ልጆቹ በደረሱበት ዕለት የትና በስንት ሰዓት ጋደም እንደሚሉ ሲሆን፣ በረራው መመረጥ ያለበት ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው።

እዚህ አቋም ላይ ያደረሰኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በርካሽ ባገኘሁት ትኬት ሌሊቱን ሙሉ በርረን፣ ከሁለት ልጆች ጋር ገና ጎሕ ሲቀድ ሆቴሉ በር ላይ ደረስን። ክፍሉን የምንረከበው ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑ በትሕትና ተነገረን። ሆቴሉ አላጠፋም፤ ሰዓቱ እኔ ሳላነበው ባለፍኩት የማረጋገጫ ወረቀት ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ትልቁ ልጅ ሻንጣ ላይ ተደፍቶ፣ ትንሿ እያለቀሰች ጭኔ ላይ ሆና፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ግማሽ ቀን አሳለፍን። በትኬቱ ያተረፍኩት ገንዘብ ለተጨማሪ ምግብና ለታክሲ ከመዋሉም በላይ ልጆቹ እንቅልፋቸው እስኪስተካከል ሦስት ቀን ፈጀባቸው።

ብዙ ሆቴሎች ክፍል የሚያስረክቡት ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ያደረው እንግዳ ረፋድ ላይ ወይም እኩለ ቀን ገደማ ለቆ ክፍሉ መጽዳት አለበትና። ስለዚህ ማለዳ የሚያርፍ ቤተሰብ ወዲያው አልጋ ላይ መውጣት ከፈለገ የቀደመችውን ሌሊት ጭምር መያዝና መክፈል ይኖርበታል። ይህን ሲያደርግም በማግሥቱ ጠዋት እንደሚደርስ ለሆቴሉ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባዋል፤ አለበለዚያ ሳይመጣ እንደቀረ እንግዳ ተቆጥሮ የያዘው ክፍል በሙሉ ሊሰረዝበት ይችላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚያርፉ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ትኬት ላይ ቀኑ የሚለወጠው ልክ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ ወር በገባ በ15 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሚያርፍ ሰው የሚያስፈልገው ከ14 ጀምሮ የተያዘ ክፍል ነው። ከ15 ጀምሮ የያዘ ሰው ልጆቹን ታቅፎ የሚደርሰው ክፍሉ የእሱ ከመሆኑ ከአሥር ሰዓታት በላይ አስቀድሞ ነው።

«ሌሊት ብረሩ፣ ልጆቹ ይተኛሉ» የሚለው ምክር በየቦታው ይሰማል። ለጨቅላ ሕፃን አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። ነገር ግን የሰባት ሰዓት በረራ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ አይሆንም፤ መሳፈሩ፣ መነሻው፣ እራት ማደሉ፣ ከማረፉ በፊት መብራት በርቶ ቁርስ መቅረቡ ከላዩ ሲቀነስ፣ ቢቀናው አራት ሰዓት ቢተርፍ ነው። የሰዓት ልዩነትም ይጨመርበታል፤ ሰውነት በደምሳሳው በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ እየተለማመደ ይሄዳል፣ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ እኔ ከቀትር በኋላ የሚያርፍ በረራ ካገኘሁ ጥቂት ጨምሬም ቢሆን እመርጠዋለሁ፤ ልጆቹ የቀን ብርሃን አይተው፣ ታጥበውና በልተው በአካባቢው ሌሊት ለመተኛት ጊዜ ያገኛሉ።

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወላጅ ጭን ላይ መጓዝ ይችላል፤ ክፍያውም በዓለም አቀፍ በረራዎች ብዙውን ጊዜ ከአዋቂ ዋጋ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ጉዞው ላይ እያለ ሁለት ዓመት የሚሞላው ልጅ ግን ለመመለሻው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊት ረድፍ ወንበሮች ፊት ባለው ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የሕፃን አልጋ በቁጥር ጥቂት፣ በክብደትም የተገደበ ስለሆነ ትኬቱ እንደተቆረጠ መጠየቅ አለበት።

አውሮፕላን የሚቀየርበት ጉዞ ከሆነ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ቢያዙ ይመረጣል፤ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ አየር መንገዱ በቀጣዩ በረራ የማሳፈር ኃላፊነት አለበትና። ለየብቻ በተገዙ ትኬቶች ግን ያመለጠው በረራ ኪሳራ የተጓዡ ነው። ለመቀያየሪያ የሚታየው አጭሩ ጊዜ ሲሰላ መጸዳጃ ቤት የሚለምን ልጅም ሆነ በአውሮፕላኑ በር ላይ ሳይሆን ሻንጣ መቀበያው ጋ የሚመለስ የሕፃን ጋሪ ታሳቢ አልተደረገም። እኔ ከሁለት ሰዓት በታች በሆነ መቀያየሪያ ከልጆች ጋር አልሳፈርም። ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚነሣ በረራ ተሰርዞ ማደር ግድ ከሆነ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣው ደንብ አየር መንገዱ ምግብና ማደሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ያ ማደሪያ በእኩለ ሌሊት የሚገኘው ከረጅም ሰልፍ በኋላ መሆኑን ግን ማወቅ ይበጃል።

የመጀመሪያዋ ሌሊት ማደሪያ የጉዞው ዋና መዳረሻ መሆን የለባትም። ከጨለመ በኋላ የሚያርፍ ቤተሰብ ወደ ሩቅ ከተማ ሦስት ሰዓት በመኪና ከሚጓዝ ለአውሮፕላን ማረፊያው በቀረበ ተራ ሆቴል አድሮ ጠዋት ቢነሣ ይሻለዋል። ክፍሉ ሲያዝ የልጆቹ ቁጥርና ዕድሜ ሳይደበቅ ቢነገር ይበጃል፤ አንድ ክፍል የሚይዘው ሰው የተወሰነ ስለሆነ በመንፈቀ ሌሊት ሁለተኛ ክፍል መከራየት ሊመጣ ይችላል። የሌሊት ልብስ፣ ዳይፐርና መድኃኒትም የተመዘገበው ሻንጣ ቢዘገይ እንዳይቸግሩ በእጅ ሻንጣ ይያዙ። በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚከለክለው ሕግ ለጉዞው የሚበቃውን የሕፃን ወተት አይመለከትም።

ከቀትር በኋላ የሚያርፈው በረራ ውድ ነው፣ ሁሉም ቤተሰብ አይችለውም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። እኔ የምጠይቀው ሒሳቡ አንድ ላይ እንዲደመር ብቻ ነው፦ ትኬቱ፣ በቅድሚያ የሚያዘው ሌሊት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው መኪና። ይህ ሁሉ ተደምሮ የማለዳው በረራ አሁንም የሚረክስ ከሆነ እኔም እገዛዋለሁ። ከመነሣቴ አንድ ቀን አስቀድሜ ግን ለሆቴሉ እደውልና ጠዋት እንደምንደርስ፣ የጠየቅሁት የሕፃን አልጋም ክፍሉ ውስጥ መግባቱን አረጋግጣለሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ጥያቄዬ ሳይመዘገብ ቀርቶ አግኝቼዋለሁ።