ተፈጥሮን ላሳመሩልን እንግዶቻችን

በበዓልና በእረፍት ቀን ጎጃምን የሚያጥለቀልቁትን ተፈጥሮ አፍቃሪዎች አለማመስገን ነውር ነው። እነሱ ባይመጡ ያ ሁሉ ጋራና ውኃ ሰው ሳያየው፣ እንዲሁ በከንቱ አምሮ ይቀር ነበር።

ዘንገናን እንውሰድ። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለው ይህ ሐይቅ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ነው፤ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር ያልፋል፣ ዙሪያውን ደን ከቦታል። ስንት ሺህ ዘመን ጸጥ ብሎ መኖሩ አንጀታቸውን በልቷቸው መሰለኝ፣ ደጋጎቹ እንግዶቻችን ድምፅ ማጉያ ይዘውለት መጡ። የመኪናው አራት በር ወለል ብሎ ይከፈታል፤ እስክስታው ይደራል። ወፎቹ ተነሥተው ይሄዳሉ። (ወፍ ድሮም ጨዋታ አያውቅም።) ቀጥሎ ባዶው የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ውኃው ይወረወራል። ይህን ቆሻሻ መጣል የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ እኔ ግን የጥልቀት ጥናት መሆኑ ገብቶኛል። ጠርሙሱ መስጠም እምቢ ስላለ ጥናቱ በየሳምንቱ ይደገማል።

ለጦጣዎቹ ያላቸው ርኅራኄማ ልዩ ነው። ልጇን ከሆዷ ሥር ያንጠለጠለች አንዲት ጦጣ የተወረወረላትን ብስኩት ከነላስቲኩ ተቀብላ በጥርሷ ስትቀደው አይቻለሁ። ወርዋሪው «አያችሁ፣ ሰው ለመደች!» እያለ ተኩራራ። ጥቂት ቆይታ የምሳውን ፌስታል መንትፋው ዛፍ ላይ ስትወጣ ግን «ሌባ!» ብሎ ድንጋይ አነሣ። እንዲህ ያለች ውለታ ቢስ!

ጮቄ ተራራ ላይ የወጡትም አልሰነፉም። ጅብራ ለዓመታት ቆይቶ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ይህን ያህል መጠበቅ ለማን ይመቻል? ስለዚህ አበባውን ቀንጥሰው እንደ ጦር ተሸክመው ፎቶ ይነሡና፣ ዕዳውን ቶሎ ይገላግሉታል።

ጢስ ዓባይማ 40 ሜትር ያህል የሚንደረደረው፣ የእነሱን ጀርባ ለማየት ነው።

ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን በባዮስፌር ክልልነት፣ ማለትም ተፈጥሮው ሊጠበቅ የሚገባው ስፍራ ብሎ፣ ሲመዘግብ እነዚህን ሰዎች መዘንጋቱ ትልቅ ግፍ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ ይውላል፤ ሣር የሚግጠው ሌሊት ነው። ጀልባ ነጂው ራቅ ብሎ ሞተሩን ሲያበርድ «ጠጋ በል እንጂ፣ ምን ያስፈራሃል?» ይሉታል። እሱም ስለ እንጀራው ጠጋ ይላል። ጉማሬው አፉን በለጠጠ። አዋቂዎች ይህ «ዞር በል» ማለት ነው ይላሉ። የእኛ ጎብኚ ግን «ሳቀ! ሳቀ!» ብሎ ፊቱን ወደ ስልኩ፣ ጀርባውን ወደ ጥርሱ አዞረ። ፎቶው ላይ ዓይኑ ተጨፍኖ ስለወጣበትም ነጂውን ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ድገምልን በለው» አለው።