የጄን እምነት በፊልሙ ውስጥ የት ገባ?

እ.ኤ.አ. በ2014 በጄምስ ማርሽ ዳይሬክተርነት የተሠራው «ዘ ቲዎሪ ኦፍ ኤቭሪቲንግ» የእንግሊዛዊውን የፊዚክስ ሊቅ የስቲቨን ሆኪንግንና የመጀመሪያ ሚስቱን የጄንን ትዳር ይተርካል። በፊልሙ ላይ የሚሰነዘረው የተለመደ ወቀሳ የፍቅር ታሪኩ ሳይንሱን ሸፍኖታል የሚል ነው። በእኔ እይታ ግን ይበልጥ የተሸፈነው የጄን እምነት ነው።

ሲተዋወቁ እርሷ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ምእመን፣ እርሱ ደግሞ በፈጣሪ የማያምን የኮስሞሎጂ (የጽንፈ ዓለም ጥናት) ተማሪ ነበሩ። በ1963 ሐኪሞች ጡንቻን የሚያዝዙ ነርቮችን ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ እንዳለበትና የቀረው ዕድሜ ሁለት ዓመት ያህል እንደሆነ ሲነግሩት ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ ጄን ይህንኑ እያወቀች በ1965 አገባችው። ፊልሙ ውሳኔዋን የወጣትነት ፍቅር ድፍረት አድርጎ ያቀርበዋል። እርሷ ግን እምነቷ ባይደግፋት ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት መዝለቅ እንደማይሆንላት ተናግራለች፤ ፊልሙም የተመሠረተው በእርሷው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ላይ ነው።

ከፊልሙ ሁሉ አብልጬ የምወደው የማዕዱን ትዕይንት ነው። ጄን የባሏን ሥራ ለእንግዳ ስታስረዳ፣ ድንቹን የግዙፍ አካላትን ጠባይ ለሚገልጸው ለአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ፣ አተሩን ደግሞ የደቃቅ ቅንጣቶች ሕግ ለሆነው ለኳንተም ምሳሌ ታደርጋቸዋለች። ድንቹ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሆኪንግ በ1960ዎቹ በሒሳብ እንዳሳየው፣ ጽንፈ ዓለሙ መነሻ አለው ማለት ይቻል ነበር፤ ይህም ፍጥረት ጀማሪ አለው ለሚል አማኝ የሚመች ነው። አተሩ ሲጨመር ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ሆኪንግ በ1983 ከጄምስ ሃርትል ጋር ባቀረበው ሐሳብ ጊዜ ራሱ መነሻ ጠርዝ የለውም። ለፈጣሪ ቦታ የሚያጣብበውን ይህን ሐሳብ እንዲያ አጥርታ የምታስረዳው አማኟ ሚስቱ መሆኗ፣ ስለ ሳይንስና ሃይማኖት ከሚደረግ ከየትኛውም ክርክር ይልቅ ልቤን ነክቶታል።

ከዚያ የሚከተለው ግን ክርክር ሳይሆን እኛ ማስታመም የምንለው ሥራ ነው፤ ማጉረስ፣ ማልበስ፣ ማንሳት፣ ከዚሁ ጋር ሦስት ልጆች ማሳደግ። በ1985 ሆኪንግ በሳንባ ምች ተይዞ ራሱን በሳተ ጊዜ የስዊዘርላንድ ሐኪሞች የመተንፈሻ መሣሪያው እንዲነቀል ሐሳብ ሲያቀርቡላት፣ ጄን እምቢ ብላ ወደ ካምብሪጅ አስወሰደችው። ድምፁን ቢያጣም በሕይወት ተረፈ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በዓለም ዙሪያ የታወቀበትን መጽሐፍ አሳተመ፤ እስከ 2018ም ኖረ። ፊልሙ ቦታውን ወደ ፈረንሳይ ቢያዛውረውም እምቢታዋን በሚገባ አሳይቷል። እምቢታዋ ከየት እንደመነጨ ግን አያሳየንም፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በዋናነት የሚታየው ጄን ኋላ የምታገባውን የመዘምራን መሪ የምታገኝበት ቦታ ሆኖ ነው።