መምህራን፣ ዓመቱን ሙሉ የት ነበራችሁ?

አሁንስ በዛ! ማታ ልንተኛ ስንል ልጄ "የእንግሊዝኛ አሳይመንት አለብኝ፣ ለነገ ነው" አለችኝ። ነገ ደግሞ የትምህርት ጉብኝት ነው። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ይነሳል። መቼ ትጻፈው? በህልሟ?

የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት እኮ! መጽሐፍ አንብባ ትተንትን፣ ፖስተር ትሥራ፣ ድራማ ትጻፍ፣ ክፍል ፊት ቆማ ታቅርብ። ሁሉም በአንድ ሳምንት! ዓመቱን ሙሉ "ባዶ ቦታ ሙሉ፣ ትክክለኛውን መልስ አክብቡ" ሲባሉ ከርመው፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ድንገት ሁሉም ደራሲ ይሁን? የቡድን ሥራውንማ ተዉት። አንዷ ትጽፋለች፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ። ማርኩ እኩል።

ጉብኝቱስ? ፈቃዱን ፈርሙ የሚለው ወረቀት የሚመጣው ዋዜማው ላይ ነው፣ ከነክፍያው። ሙዚየም ነው የሚባለው። ግማሹ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ያልቃል፣ ሌላው ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ። የተረፈችው ደቂቃ "አትንኩ! ተሰለፉ! ማን ጎደለ?" ነው። ከዚያ ሲመለሱ "ያያችሁትን በአምስት አንቀጽ፣ በእንግሊዝኛ ጻፉ"። ያየችው ምኑን ነው? ከፊቷ የቆመውን ልጅ ማጅራት? (እሱንም በኃላፊ ጊዜ ግሥ!)

የሚያናድደው ደግሞ፣ ማርክ ተሞልቶ አልቋል። ካርድ እየተጻፈ ነው። ታዲያ ይሄን ሁሉ ክምር ማን ሊያርመው ነው? የስድስተኛ ክፍል ፖስተሯ እንኳ እስካሁን አልተመለሰም።