አውሮፕላን ግዢልኝ

ከነሐሴ 2012 እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ አውሮፕላን ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች አሉ። ሻንጣ አልሸከፉም፣ ቪዛ አልጠየቁም፣ ሸኚም አላስከተሉም። የጠበቁት ቦይንግ 777 የሚያርፈው ቦሌ ሳይሆን መኝታ ቤታቸው ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ነበርና። ማይክሮሶፍት አዲሱን የበረራ ሲሙሌተር (በኮምፒውተር አውሮፕላን የሚበርርበትን ፕሮግራም) በነሐሴ 2012 ሲያወጣ መላዋን ምድር ከሳተላይት ምስል ቀድቶ፣ ተራራውንም ደመናውንም አሟልቶ አቅርቦ ነበር፤ ከእሱ ጋር የመጡት ትልልቅ አውሮፕላኖች ግን በባለሙያ ዓይን (ባለሙያ ስል ደመወዝ የማይከፈለውን ማለቴ ነው) ከመጫወቻነት አያልፉም። ሁሉም ማብሪያ ማጥፊያ ሲነኩት ካልሠራ፣ ሁሉም መብራት በሰዓቱ ካልበራ አውሮፕላን አይባልም። ስለዚህ ፒኤምዲጂ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለብቻው ሠርቶ ለብቻው የሚሸጠውን 777 መጠበቅ ግድ ሆነ።

ከጠባቂዎቹ አንዱ የግቢያችን ልጅ ነው። ቀን ቀን የሚውለው ባለጉዳይን "ነገ ተመለስ" በማለት ከታወቁት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ነው፤ ማታ ማታ ግን ካፒቴን ነው። ማዕረጉን የሰጡት እናቱ ሲሆኑ መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር። ቡና ላይ ጎረቤት "ልጅዎ የት ሄደ?" ብሎ ሲጠይቃቸው "ካፒቴን ተነሥቷል፣ አሁን ቢጠሩት አይሰማም" ሲሉ ውለው ሲያድሩ ነገሩ ተለመደና የግቢው ሕፃናት ሳይቀሩ በዚሁ ስም ይጠሩታል።

እንዲህ ያለ አውሮፕላን የሚሠሩ ድርጅቶች ሥራው እስኪያልቅ ዝም አይሉም፤ አልፎ አልፎ አንድ ሁለት ምስል ይለቃሉ። ጠባቂው ሕዝብ ይህን ምስል የሚያነበው ደብተራ ብራና በሚያነብበት ትዕግሥት ነው። አንድ ምሽት ካፒቴን በጥድፊያ ጠርቶ ስክሪኑ ፊት አስቀመጠኝና የሞተር ኃይል መስጫውን ዘንግ በጣቱ እያሳየ "ምን ይታይሃል?" አለኝ። ዘንግ እንደሚታየኝ ነገርኩት። "ከሥሩስ?" ምንም። "አቧራ!" አለ፣ ዓይኑ እንባ ሊያቀር ምንም አልቀረውም። በእርግጥም ዘንጉ በሚመላለስበት ስንጥቅ ውስጥ፣ መወልወያ በማይደርስበት ቦታ፣ ስስ አቧራ ተስሏል፤ የዘንጉም ቀለም የአብራሪ መዳፍ በሚያርፍበት በኩል ፈዝዟል። የሆነ አገር ያለ የሆነ ሰው ይህን አቧራ ለመሳል ብዙ ሌሊት እንደተቀመጠ መገመት አያስቸግርም። በማግስቱ እናቱ ክፍሉን ሲያጸዱ ስክሪኑ እንደበራ አገኙትና በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉት፤ ደገሙት፤ ሠለሱት። በመጨረሻ "የዘንድሮ ቴሌቪዥን ከነእድፉ ነው የሚሸጠው እንዴ?" ብለው ተስፋ ቆረጡ።

ጠባቂዎችን የሚያሠቃየው ግን ምስሉ ሳይሆን ቀኑ ነው። "መቼ ነው የሚወጣው?" ተብሎ ሲጠየቅ በዚህ ሙያ የተለመደው መልስ "ሲያልቅ" የሚል ነው። ይህ መልስ እውነት ስለሆነ ማንም አያምነውም። "በቅርቡ" የሚል ቃል ከተሰማ ደግሞ ትርጓሜው ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ በሚቀጥለው ሳምንት ነው ይላል፣ ግማሹ "በቅርቡ ማለት ባለፈው ዓመትም በቅርቡ ነበር" ብሎ ይከራከራል። ካፒቴን በዚህ ጉዳይ የሚናደደውን ያህል በምንም አይናደድም። "ሰው እንዴት ቁርጥ ያለ ቀን ለመናገር ያቅተዋል? ለደንበኛ ክብር የሚባል ነገር የለም እንዴ?" እያለ ሌሊቱን ያጋምስና፣ ጠዋት መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ከአያት ድረስ ተሳፍረው የመጡትን አዛውንት "አባባ፣ የሚፈርሙት ሰውዬ ስብሰባ ላይ ናቸው" ይላቸዋል። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ አስቦአቸው የሚያውቅ አይመስለኝም።

ቀኑ በመጨረሻ ደረሰ። በሰኔ 2016 አጋማሽ አለፍ ብሎ 777-300ኢአር የተባለው ረጅሙ ዓይነት ወጣ። እዚህ ላይ የእኛን አገር ጠባቂ ከሌላው ዓለም ጠባቂ የሚለየው ችግር ይመጣል፤ ገንዘቡ በእጁ ቢኖርም ገንዘቡ ብር ነው፣ ሻጩ የሚፈልገው ደግሞ ዶላር ነው። ስለዚህ የአበሻ ካፒቴን ሁሉ ውጭ አገር አንድ ዘመድ ሊኖረው ግድ ነው። የእኛው ካፒቴን ሜሪላንድ ላለችው ታላቅ እህቱ ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ።

"እታለም፣ ወጣ! ወጣ እኮ!"

በዚያኛው ጫፍ እልልታ ተሰማ። ምስኪኗ የመሰላት ዲቪ ነበር።

"ተመስገን! ቀን ወጣልህ! ለእማዬ ነገርካት?"

"ዲቪ አይደለም፣ አውሮፕላኑ ነው የወጣው። አውሮፕላን ግዢልኝ።"

"ቲኬት ማለትህ ነው? ለመቼ?"

"ቲኬት ምን ያደርግልኛል? አውሮፕላኑን ነው የምልሽ። ሰባ ሰማንያ ዶላር ቢሆን ነው፤ ብሩን እዚህ ለእማዬ እሰጣታለሁ።"

ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያም እህቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እስቲ እማዬን አቅርብልኝ" አለች።

አውሮፕላኑ ለማንኛውም ተገዛ። እኔ ከዚህ በኋላ የጠበቅሁት መብረር ነበር፤ ያየሁት ግን ቢሮ ነው። ሰውዬው ኮክፒቱን፣ ማለትም የአብራሪውን ክፍል፣ የሚረከበው ባትሪ እንኳ ሳይበራ፣ ድቅድቅ ባለ ጨለማ ነው። ባትሪ ያበራል፣ ከጅራቱ ያለችውን ትንሿን ሞተር ያስነሣል፣ የአቅጣጫና የቦታ መለኪያው ራሱን እስኪያስተካክል ደቂቃዎች ይጠብቃል። ይህን ጥበቃ በአንድ ጠቅታ ማሳጠር እንደሚቻል ስነግረው "እሱ ለልጆች ነው" አለኝ። ቀጥሎ የመንገደኛውንና የጭነቱን ክብደት፣ የነዳጁን መጠን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የመነሻ ፍጥነቱን አንድ በአንድ ይሞላል። ቀን ላይ "ይህች አገር በፎርም ብዛት አለቀች" ሲል የዋለ ሰው፣ ማታ ፎርም የሚሞላበትን ዕድል በዶላር ገዝቶ፣ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ከመጀመሪያው ይጀምራል። የማረጋገጫ ዝርዝሩን ደግሞ ሁለት ሰው ሆኖ ነው የሚያነበው። በካፒቴንነቱ "የነዳጅ ፓምፕ?" ብሎ ይጠይቅና በረዳት አብራሪነቱ ቀጠን ባለ ድምፅ "በርቷል" ብሎ ይመልሳል። እናቱ ይህን በበሩ ቀዳዳ የሰሙ ዕለት ስለ ሽንቁሩ ሚካኤል ጠበል ጠያይቀው እንደነበር ከጎረቤት ሰምቻለሁ።

ከዚህም የባሰ አለ። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለ ዕቃ በድንገት እንዲበላሽ ማዘዝ ይቻላል። ጄኔሬተር እንዲጠፋ፣ የሃይድሮሊክ ዘይት እንዲፈስ አስቀድሞ ይወስንና፣ ሲጠፋና ሲፈስ ደንግጦ መመሪያ ያገላብጣል። የቤታቸው የውኃ ፓምፕ ከተበላሸ ዓመት ሊሆነው ነው፤ መመሪያው ኮሜዲኖ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ማታ እንዳዘዘው የአውሮፕላኑ መብራት ጠፋና ደስ እያለው ሊያስተካክል ሲል የሰፈሩ መብራት ተከትሎ ጠፋ። ለሁለተኛው መመሪያ አልተጻፈም።

በአንድ ነገር ግን ልፈርድለት ይገባል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ እንዳለ ሁላችንም በጂኦግራፊ ተምረናል፤ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን በዚህ ሐሰተኛ አውሮፕላን ነው። የ777-300ኢአር ሞተር አፉ ከሦስት ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ አንዱ ብቻውን ከ50 ቶን የሚበልጥ ግፊት የሚሰጥ ጉድ ነው። ያም ሆኖ ቦሌ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩም እንደ ልቡ አይተነፍስም፣ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል። ካፒቴን ነዳጁን እስከ አፉ ሞልቶ ወደ ዋሺንግተን ሊነሣ ሲሞክር ኮምፒውተሩ ክብደቱን አልቀበልም አለው። እውነተኛው በረራ ሲሄድ መንገድ ላይ ለነዳጅ የሚያርፈው፣ ሲመለስ ግን አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በርሮ በቀጥታ ቦሌ የሚገባው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዘመድ ለመቀበል ኤርፖርት ቆመን "ምነው ሲሄዱ ያን ያህል አስቆዩአቸው?" ስንል የኖርን ሁሉ መልሱ ከእግራችን ሥር ነበር።

ነገሩን ከእውነተኛ ባለሙያ ጋር ለማመሳከር ዕድል ያገኘሁት፣ የእውነት አብራሪ የሆነ የሩቅ ዘመዳቸው ለፋሲካ ሲመጣ ነው። ካፒቴን ዶሮው ሳይነሣ ወደ ክፍሉ ወሰደውና ከራስጌ በኩል ያለችውን አንዲት ማብሪያ እያሳየ ስለ አሠራሯ ማብራሪያ ጠየቀው። እንግዳው ዓይኑን አጥብቦ ካያት በኋላ "እሷን እንኳ ነክቼያት አላውቅም፤ የቴክኒክ ሠራተኞች ናቸው የሚነኳት" አለ። ካፒቴን ግን ነክቷታል። ደጋግሞም ነክቷታል። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ላይ ያየሁት ኩራት፣ ዘመድየው ያንን ሁሉ ዓመት ተምሮ ያገኘው መሆኑን እጠራጠራለሁ። እንግዳው ቀጥሎ የጠየቀው ሶፋው ላይ ትንሽ ጋደም ማለት ይችል እንደሆነ ነበር።

ረጅሙ በረራ የሚደረገው ዓርብ ማታ ነው። ከዋሺንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት ይነሣል፤ ቫትሲም በተባለውና በጎ ፈቃደኞች የበረራ ተቆጣጣሪ ሆነው በሚያገለግሉበት የኢንተርኔት መረብ ውስጥ የት እንዳለ የማይታወቅ ወጣት "ኢትዮጵያን 501" ብሎ ጠርቶ በታላቅ አክብሮት ከፍታ ይሰጠዋል። ሁለቱም አልተቀጠሩም፣ ሁለቱም አልተኙም፣ ሁለቱም ግን እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሥርዓት በየመሥሪያ ቤታችን ቢኖር የት በደረስን ያሰኛል። አውሮፕላኑ አትላንቲክን ሲይዝ ካፒቴን ራት ይበላል፣ ይተኛል፣ ማልዶ ተነሥቶ ነዳጁን ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል። ቁልቁል መውረጃው ሲደርስ አውሮፕላኑ ራሱ ቆሞ እንዲጠብቅ ማድረግ ቢቻልም እሱ ይህን እንደ ነውር ነው የሚቆጥረው። ባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ተጠርተን ስንቀር "ሱዳን ላይ ነኝ፣ ትቼው መሄድ አልችልም" ሲል የሙሽራው አባት በስልክ ሰምተው፣ ስደት የወጣ መስሏቸው ከልብ አዝነዋል።

ታዲያ ይህን ያህል የተጠበቀ ነገር ሲመጣ ደስታው ስንት ጊዜ ቆየ? አንድ ሌሊት ካልኩ አበዛሁ። አውሮፕላኑ ከኢንተርኔት ወርዶ ገና ሞተሩ ሳይሞቅ፣ የዝናብ መጥረጊያው ድምፅ ከእውነተኛው ይለያል አይለይም የሚል ክርክር ውስጥ ካፒቴን ገብቶ አገኘሁት። መጥረጊያውን በእውን ሰምቶት እንደሚያውቅ ብጠይቀው ቅሬታ የተሞላ ዓይን አሳየኝ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይህኛው እርካታ እንደማይሰጠው፣ የእሱ ልብ ያለው አጠር ብሎ ሩቅ በሚበርረው በ777-200ኤልአር ላይ እንደሆነ፣ አየር መንገዳችን በ2003 የተረከበው የመጀመሪያው 777 እሱ በመሆኑ እሱ ሳይወጣ ወጣ እንደማይባል ያስረዳኝ ጀመር። በዚያ ላይ በኅዳር 2017 ማይክሮሶፍት ሌላ አዲስ ሲሙሌተር አወጣ፤ ገና አምስት ወር የሆነው አውሮፕላንም ለአዲሱ ሲሙሌተር እስኪስተካከል ድረስ እንደገና የሚጠበቅ ሆነ። ሰውዬው ያዘነ መስሎ ሊያወራኝ ሞከረ፤ ፊቱ ግን እንዲያ ወዝቶ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

አሁን ዓይኑ ያለው በአዲሱ የ777 ዓይነት፣ በ777-9 ላይ ነው። ይህ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በጥር 2012 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ግድም ለደንበኛ ይደርሳል ተብሎ ታስቦ የነበረው ቀን በተደጋጋሚ ተገፍቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በየካቲት 2016 ስምንቱን ለመግዛት መስማማቱን አስታውቆ በተራው ከጠባቂዎቹ መሐል ተቀላቅሏል። ካፒቴን ይህን እንደ ዘመድ ዜና ነው የነገረኝ። እውነተኛው ሳይመጣ የኮምፒውተሩ ሊመጣ እንደማይችል ሳስረዳው "አውቃለሁ" አለና፣ ወገቡ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የተሰመረበትን፣ በትርፍ ሰዓቱ ቀብቶ የጨረሰውን የ777-9 የጅራት ሥዕል ከፍቶ አሳየኝ። ከጅራቱ ሥር፣ ጭስ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ ጥቀርሻ ጨምሮበታል።