ስለ ዘሩ ዕድሜም ጻፉልን
ስለ ሲሞን ግሩት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ደስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1982 ፊሊፒንስ ውስጥ ለአነስተኛ ገበሬ የሚሆን የአትክልት ዘር ማዳቀል የጀመረ፣ በ2019 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘ ሰው ነው። ይገባዋል።

ግን ዲቃላ ዘር፣ ማለትም ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተዳቀለው፣ በየዓመቱ ይገዛል። ከፍሬው አስቀርተው ቢዘሩት እኩል አይወጣም። ዲቃላ ያልሆነ፣ እንደ መልካሳ የምርምር ማዕከሉ መልካ ሾላ ያለ የቲማቲም ዝርያ ሲሆን ግን እናቴ የበሰለውን ትጨምቃለች፣ ዘሩን ከነጭማቂው ሁለት ቀን ታቆያለች፣ አጥባ ጥላ ላይ ታሰጣለች። አለቀ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሽንኩርቱ ነው። ዘሩ ሙቀት ቦታ ከተቀመጠ ቶሎ ይሞታል። አምና ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ዘር የታሸገበት ቆርቆሮ አዲስ ይመስል ነበር፤ መደቡ ላይ ከአሥር ሦስት እንኳ አልበቀለም። አሁን ሳልዘራ 100 ፍሬ ቆጥሬ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ እጠቀልላለሁ። በአሥረኛው ቀን አብዛኛው ካልጎነቆለ ወደ ሱቁ እመልሰዋለሁ።